ሎቲ ያደረገው ጅብ፦ በሰው መሐል የተደበቀን ፍጡር ስለ መሳል

የተከበራችሁ ሠዓሊያንና ጸሐፊዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ሰው መስለው በሰው መሐል ስለሚኖሩ ፍጡራን የሚሠራ የኢንተርኔት ኮሚክ ሲበላሽ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የእጅ አይደለም፤ የሕግ ነው። ፍጡሩ መቼ ይለወጣል? በምን ይለወጣል? ሲለወጥስ መደበቅ የማይችለው ነገር ምንድን ነው? ሦስተኛው ጥያቄ ካልተመለሰ አንባቢ የሚጠረጥረው ነገር ያጣል። በአሥረኛው ክፍል ጎረቤትየዋ ድንገት ጅብ ብትሆንበት የተታለለ ይመስለዋል።

መልሱን ሩቅ አገር አንፈልገው። በ19ኛው መቶ ዘመን ወደ አገራችን የመጡ እንግሊዛውያን ከሰው አፍ ሰምተው ከጻፉት አንዱ፣ በተገደሉ ጅቦች ጆሮ ላይ የወርቅ ሎቲ ተገኘ የሚል ነው። ሰውየው አውሬ ሲሆን ሎቲውን አላወለቀም። እኛ የምንፈልገውም ይህንኑ ነው፤ በሁለቱም መልክ ላይ ሳይለወጥ የሚቀር አንድ ትንሽ ነገር። በመጀመሪያው ክፍል ቡና ስትቀዳ ጆሮዋ ላይ ሳሉት፤ ማንም ስለ ሎቲው አያውራ። ቀጥሎ ነጠላዋን ስታስተካክል ይታይ። በሦስተኛው፣ በጨለማ ከሚያበሩ ሁለት ዓይኖች በላይ ብልጭ ይበል። አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ አንባቢው በጣቱ ገፍቶት ያልፋል፤ ስድስት ጊዜ ከሆነ ደግሞ ገና በሁለተኛው ክፍል ይደርስበታል።

አካሉንም እወቁት። ሌሊት ሲጮህ የምንሰማው ዥጉርጉሩ ጅብ ጆሮው ክብ ነው፤ የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ ይረዝማሉ፤ ጀርባው ወደ ኋላ ያዘቀዝቃል። ጆሮውን ሾጣጣ ካደረጋችሁት ሌላ ዝርያ ሆነ። ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፤ በመንጋው ውስጥም የበላይዋ እሷ ናት። ስለዚህ ሰው ስትሆን ትከሻዋ ሰፋ ብሎ ከፍ ይበል፤ በር ስትገባም ሌሎቹ ቦታ ይልቀቁላት።

አሁን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበንን እንናገር። በዚያ የሎቲ ወሬ ውስጥ ሎቲ አድራጊው ቀጥቃጭ ነው። የቡዳነት ክስ ለዘመናት በቀጥቃጩ፣ በሸክላ ሠሪው፣ በፋቂው ላይ ሲለጠፍ የኖረ፣ ሰውን ከጋብቻና ከማዕድ ያገለለ ክስ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ባለእጅን መስደብ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ቢከለክሉም ስድቡ ዛሬም አልሞተም። እኛ ደግሞ በሚያምር ቀለም ልናድሰው አይገባም። ጅብ የሚሆነውን ገጸ ባሕርይ ባለእጅ አታድርጉት፤ ቡዳ የሚለውን ቃል የዝርያ መጠሪያ አታድርጉት። አዲስ ስም አውጡለት። ቀጥቃጭ ካስፈለጋችሁ ሐሜቱ በሐሰት የወደቀበት ሰው ይሁን፤ ታሪኩም ይጠነክራል።

ወደ ገጹ እንመለስ። በስልክ ወደ ታች እየተገፋ ለሚነበብ ኮሚክ የተለመደው ስፋት 800 ፒክሰል ነው። በ1600 ሳሉና መጨረሻ ላይ በግማሽ አሳንሱት፤ መስመሩ ይጠራል። ከዚያ በየ1280 ፒክሰል ቁመት ይቆረጣል። ቁርጡ ፊት ላይ ወይም የንግግር አረፋ ላይ እንዳያርፍ፤ ኔትወርክ ሲዘገይ ግማሽ ፊት ብቻ ይታያል፤ ድንጋጤውም ይከሽፋል። በፓነሎች፣ ማለትም በሥዕል ሳጥኖቹ፣ መሐል 200 ፒክሰል ያህል ተዉ፤ ጊዜ ወይም ቦታ ሲቀየር 600 እና ከዚያ በላይ።

እንዲህ ላለ ገጽ ፒያሳ ሰባ ደረጃን የሚያህል ቦታ አይገኝም። አንባቢው ወደ ታች ሲገፋ ገጸ ባሕርይዋም ደረጃውን ትወርዳለች፤ ከኋላዋ ያለው ጥላ በየፓነሉ አንድ ደረጃ ይቀርባል። የታሪኩን ዓመት ግን አስቀድማችሁ ወስኑ። በ2016 ዓ.ም. ብዙ የፒያሳ ነባር ቤቶች ፈርሰዋል፤ የፈረሰ ቤት አጠገብ አዲሱን የእግረኛ መንገድ ከሳላችሁ የሰፈሩ ልጅ ወዲያው ያውቅባችኋል።

በመጨረሻ ፊደል። ሸ እና ሹን፣ ጨ እና ጩን የሚለያቸው ትንሽ ቅጥያ ስለሆነ በ800 ስፋት ላይ ከ28 ፒክሰል በታች አትጻፉ። ጩኸትን በመጠንና በውፍረት አሳዩ፤ ድምፁን ደግሞ ከቋንቋችን ውሰዱ፦ ኮሽ፣ ዷ፣ ጓ፣ ዥው። ብዙ መቶ ዓመት የኖረ ፍጡር ሲናገር በቃላቱ መካከል ባዶ ቦታ ሳይሆን ሁለት ነጥብ አድርጉለት፤ «አንተን፡አውቅሃለሁ» ሲል አንባቢው ዕድሜውን በዓይኑ ይሰማዋል። አንዳንድ የሥዕል መተግበሪያ ግን ሁለት ነጥብ ላይ መስመር አይሰብርም፤ ዓረፍተ ነገሩ ከአረፋው ይወጣል። መስመሩን በእጃችሁ ስበሩ።

የመጀመሪያ ክፍላችሁን ረቂቅ የያዛችሁ ወደ ፊት ኑ፤ ሎቲው የት እንደተደበቀ አብረን እንፈልግ።