ሳይጠሩን እንሂድ፦ በወላጆች ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራን፣ ከየትምህርት ቤቱ የመጣችሁ ተማሪዎች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፤ እንደምን ዋላችሁ? እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ለብዙዎቻችሁ የሥራ ሰዓት እንደሆነ አውቃለሁ። ሺፍት ቀይራችሁ የመጣችሁ አላችሁ። ኡበራችሁን ውጭ አቁማችሁ የገባችሁም አላችሁ። ስለዚህ አላንዛዛም። ሰብሳቢ ሁሉ እንዲህ ብሎ ነው የሚያንዛዛው፤ እኔ ግን እሞክራለሁ።

ከዋሽንግተን ወጣ ብለን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዊተን፣ በርተንስቪል፣ ጀርመንታውን የሰፈርነው ኪራዩ ረክሶልን አይደለም። አብዛኞቻችን “የሞንጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤት ጥሩ ነው” ተብለን ነው የመጣነው። እውነትም ጥሩ ነው። የካውንቲው የትምህርት ቤቶች አስተዳደር በሜሪላንድ ትልቁ ነው፤ ወደ 160 ሺህ ተማሪ ያስተምራል። ዋና ዋና ማስታወቂያዎቹን ወደ አማርኛ ያስተረጉማል። ከ1985 ጀምሮ የሳይንስ፣ የሒሳብና የኮምፒውተር ልዩ ፕሮግራም ያለው ሞንጎመሪ ብሌየር ሃይ ስኩል የሚገኘው እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ግን ጥሩ ትምህርት ቤት አጠገብ መኖር አንድ ነገር ነው፣ ከትምህርት ቤቱ መጠቀም ሌላ ነው።

እኛ የተማርንበት ትምህርት ቤት ሁሉን የሚወስነው ራሱ ነበር። 9ኛ ሲ ከተባልክ 9ኛ ሲ ነህ። አንተ ቁጭ ትላለህ፣ አስተማሪው ይመላለሳል። ተፈጥሮ ሳይንስ ወይም ማኅበራዊ ሳይንስ ከመምረጥ በቀር የትምህርቱ ዓይነት ለሁሉም አንድ ነው። 12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና ትወስዳለህ፣ ዩኒቨርሲቲህን ሚኒስቴሩ ይመድብሃል። ወላጅ ትምህርት ቤት የሚረግጠው መቼ ነበር? “ወላጅ አምጣ” ሲባል። ወላጅ አምጣ የተባለ ልጅ ደግሞ ምን እንደሚጠብቀው ሁላችንም እናውቃለን። አንዳንዶቻችን የሰፈር ሰው ከፍለን “አጎቴ ነው” ብለን ወስደናል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሚስቁትን እያየኋቸው ነው።

ይህ ልማድ አብሮን መጥቷል። ትምህርት ቤት ካልጠራን ሰላም ነው ብለን እናስባለን። እዚህ ሀገር ግን ወላጅ አምጣ የሚል የለም። አንድ ካውንስለር፣ ማለትም የተማሪዎች አማካሪ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች አሉበት። ልጁ ዝም ካለ፣ እናንተም ዝም ካላችሁ፣ ደህና ነው ተብሎ ይታለፋል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እየተባልን ነው ያደግነው። በዚህ ትምህርት ቤት ግን ዝም ባለ አፍ ምንም አይገባም።

ከትምህርቱ ልጀምር። ለመመረቅ 22 ክሬዲት ያስፈልጋል። ከዚህ ውስጥ እንግሊዝኛ 4፣ ሒሳብ 4፣ ሳይንስ 3፣ ሶሻል ስተዲስ 3 ነው። ይህን ልጆቹ ያውቁታል። ወላጅ ብዙ ጊዜ የማያውቀው በአንዱ ትምህርት ውስጥ ደረጃ እንዳለ ነው። ተራው አለ፣ ጠንከር ያለው ኦነርስ አለ፣ በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጠው ኤፒ አለ። በተራው ክፍል ኤ 4 ነጥብ ነው፤ በኦነርስና በኤፒ 5 ነው። ስለዚህ ኤፒ ላይ ቢ ያመጣና ተራው ላይ ኤ ያመጣ ልጅ በዌይትድ ጂፒኤ፣ ማለትም የክፍሉን ክብደት በሚቆጥረው አማካይ ውጤት፣ እኩል 4 ይያዝላቸዋል። ኮሌጆች ደግሞ ነጥቡን ብቻ አይደለም የሚያዩት፣ የትኛውን ክፍል ደፍሮ እንደወሰደም ያያሉ። “ለምን ቢ አመጣህ?” ብላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት ክፍሉ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

በነገራችን ላይ እዚህ ካውንቲ የወደቀ ተማሪ የሚያገኘው ኤፍ አይደለም፣ ኢ ነው። ልጁ “ኤክሰለንት ማለት ነው” ቢላችሁ እንዳትሸወዱ።

በሌላ በኩል “የሰው ልጅ አምስት ኤፒ ወሰደ” ተብሎ ልጅን አምስት ማሸከምም ልክ አይመስለኝም። ሃይ ስኩል የሚጀምረው በፈረንጅ ሰዓት 7፡45 ነው። እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ሲያጠና ያደረ ልጅ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ተኝቶ ነው የሚያሳልፈው። በሚወደው ሁለት ሦስት ትምህርት ጠንክሮ ይሂድ። ለሚቀጥለው ዓመት ምርጫ የሚደረገው ከገና በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። ያኔ ፎርሙን ልጁ ብቻውን እንዳይሞላው። ለልዩ ፕሮግራሞች የሚያመለክቱት ደግሞ 8ኛ ክፍል ሳሉ ስለሆነ፣ ትንንሽ ልጆች ያሏችሁ “ገና ነው” አትበሉ።

ስለ ካውንቲያችን የሁለት ዓመት ኮሌጅ፣ ስለ ሞንጎመሪ ኮሌጅ አንድ ነገር ልበል። ሃይ ስኩል እያሉ እዚያ መማር ይቻላል፤ ዱዋል ኢንሮልመንት የሚሉት እሱ ነው። በ2021 በጸናው የሜሪላንድ የትምህርት ሕግ መሠረት የሕዝብ ትምህርት ቤት ተማሪ ለዚህ ትምህርት አይከፍልም። ሃይ ስኩል ሲጨርሱ የሁለት ዓመቱንም ዲግሪ አብረው የሚይዙ ልጆች አሉ። ኮሌጁ ታኮማ ፓርክና ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሮክቪል፣ ጀርመንታውን ካምፓስ አለው፤ ለብዙዎቻችን ቅርብ ነው። “ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ” ሲባል ፊታችን የሚጠቁር ሰዎች አለን። በነጻ የተገኘ ክሬዲት ላይ ፊት ማጥቆር ይቅርብን።

በቅርቡ ከሀገር ቤት ልጅ ያስመጣችሁ ወላጆች፣ ይህ ለእናንተ ነው። በ17 ዓመቱ የመጣ ልጅ “አሁንስ አደገ” ተብሎ ቀጥታ ሥራ አይግባ። በሜሪላንድ 21 ዓመት እስኪሞላው ድረስ በነጻ የመማር መብት አለው። ከኢትዮጵያ ያመጣው ትራንስክሪፕትም ወረቀት ብቻ አይደለም። ታይቶ ክሬዲት ሊያዝለት ስለሚችል፣ ዋናውን ይዛችሁ ቅረቡ። እንግሊዝኛው እስኪጠነክር በቋንቋ ድጋፍ ክፍል ይማራል። እዚያ መመደብ ውርደት አይደለም። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር ነው፤ አዲስ አበባ የክፍሉ አንደኛ የነበረ ልጅ እዚህ ካፌቴሪያ ውስጥ የሚቀመጥበት አጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ምሳውን ሲበላ። ነባር ተማሪዎች፣ ይሄ የእናንተ ሥራ ነው። በየትምህርት ቤታችሁ የሐበሻ ክለብ ካለ ለጭፈራ ብቻ አይሁን። አዲስ የመጣውን ልጅ ወደ ጠረጴዛችሁ ጥሩት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ትምህርት በፈረንጅ 2፡30 ያልቃል። ትምህርት ቤቱ ግን አያልቅም። ሮቦቲክስ፣ ዲቤት፣ ቴአትር፣ ጋዜጣ፣ ባንድ፣ እግር ኳስ፣ ሩጫ፣ ሁሉም የሚጀምረው ያኔ ነው። ልጅ አስተማሪን እንደ ሰው የሚያውቀው እዚያ ነው። የኮሌጅ የድጋፍ ደብዳቤ ሲያስፈልግ፣ ስሙን ብቻ ከሚያውቅ አስተማሪና ዝናብ ላይ አብሮት ከሮጠ አሠልጣኝ የሚመጣው ደብዳቤ አይመሳሰልም። ከሌላ ዘር ልጆች ጋር የሚግባባውም እዚያ ነው።

የኛ ልጆች በ2፡30 የት ናቸው? ብዙዎቹ አውቶቡስ ላይ ናቸው። ምክንያታችንን አውቀዋለሁ፣ ከባድ ምክንያት ነው። አባት ማታ ይሠራል፣ እናት ነርሲንግ ሆም ናት፣ ታናናሾቹን የሚቀበል ሰው የለም። ይህ ሸክም ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ሴት ልጅ ላይ ነው። ወንድሟ ኳስ ሲጫወት እሷ ታናናሾቿን ታበላለች። ይህን ስናገር የሚከፋው ሊኖር ይችላል፤ ግን በየቤታችን ያለ ነገር ነው። ሌሎቻችን ደግሞ ከትምህርት በኋላ መቅረት ዱርዬነት ይመስለናል። እንደኔ እንደኔ፣ ልጅ የሚበላሸው አሠልጣኝ ፊት ሳይሆን ማንም በሌለበት አፓርትመንት ውስጥ ስልኩን ይዞ ነው።

ሩጫን ምሳሌ ላንሳ፤ ሐበሻ ሆኖ ስለ ሩጫ የማያወራ የለምና። ክሮስ ካንትሪ የበልጉ፣ ማለቴ የፎል ስፖርት ነው። ብዙ ጊዜ እንደ ቅርጫት ኳስ መርጦ የሚጥል ቡድን አይደለም፣ ለመጣ ሁሉ ቦታ አለው። ነገር ግን ልምምዱ የሚጀምረው በኦገስት አጋማሽ፣ ትምህርት ቤት ሳይከፈት ነው። ከሐኪም የተሞላ የጤና ፎርምም ይፈልጋል። ትምህርት ሲከፈት እጠይቃለሁ ያለ ወላጅ ዘግይቷል። በየዓመቱ መስከረም ላይ ስልኬ የሚጮኸው ለዚህ ነው። እስቲ ዘንድሮ በጁላይ ይጩህ።

ለመሳተፍ መስፈርት አለ። በየማርኪንግ ፒሪየዱ፣ ማለትም በየሩብ ዓመቱ፣ 2.0 እና ከዚያ በላይ አማካይ ያስፈልጋል፤ ከአንድ ኢ በላይ ያለው አይሳተፍም። እኔ ይህን ሕግ እወደዋለሁ። እናት ሺህ ጊዜ ለምና ያላስጠናችውን ልጅ፣ “ቡድኑ ውስጥ አትሮጥም” የምትል አንዲት ቃል ታስጠናዋለች።

ሌላው የ75 ሰዓት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ነው። ሜሪላንድ ከሀገሪቱ ግዛቶች ሁሉ ቀድማ ነው ይህን የመመረቂያ ግዴታ ያደረገችው፤ ከ1997 ተመራቂዎች ጀምሮ ይሠራል። 5ኛ ክፍል ከጨረሱበት ሰመር ጀምሮ ማጠራቀም ይቻላል። ከክፍል ትምህርት ጋር የሚያዙ ሰዓቶችም አሉ። ሆኖም በየዓመቱ 12ኛ ክፍል ላይ ደርሶ የሚሯሯጥ ልጅ አይጠፋም። ዝም ብሎ የተሠራ በጎ ሥራ ሁሉ እንደማይቆጠር እወቁ። ድርጅቱ ወይም ሥራው በቅድሚያ የጸደቀ መሆን አለበት፤ የጸደቁትን በካውንቲው የበጎ ፈቃደኞች ማዕከል ማየት ይቻላል። የኛ የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ረዳት ልጆች ይፈልጋል። ፈቃዱን የማስጨረስ ሥራ የዘንድሮ ኮሚቴ የመጀመሪያ ሥራ ይሁን ብዬ ሐሳብ አቀርባለሁ።

ልጆቻችን ድምፅ እንዳላቸውም አንርሳ። በካውንቲው የትምህርት ቦርድ ላይ የሚድል ስኩልና የሃይ ስኩል ተማሪዎች የሚመርጡት አንድ ተማሪ አባል አለ። ለይስሙላ የተቀመጠ አይደለም። ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ በሆነው በጀት ላይ ሳይቀር ድምፅ ይሰጣል። የኛ ልጅ ለምን አይወዳደርም? እናንተ ከኋላ የተቀመጣችሁ ልጆች፣ አንገታችሁን አትድፉ፣ እናንተን ነው።

በዓላትንም በአጭሩ ላንሳ። ገና፣ ጥምቀት፣ ስቅለት ወይም ሌላ ሃይማኖታዊ በዓል በትምህርት ቀን ሲውል፣ ልጁ በፈቃድ መቅረት ይችላል። ግን የወላጅ ማስታወሻ መግባት አለበት። ቤተ ክርስቲያን አድሮ “ታምሜ ነበር” ብሎ እንዲዋሽ አታድርጉት።

የመጨረሻው ነገር አስተርጓሚ ነው። እንግሊዝኛዬ አይበቃም ብላችሁ የምትቀሩ አላችሁ። ትምህርት ቤቱ በምትረዱት ቋንቋ የማነጋገር ግዴታ አለበት፤ አስተርጓሚው በነጻ ነው። አስቀድማችሁ “አማርኛ” በሏቸው፣ ይበቃል። እባካችሁ ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አታድርጉት። አስተማሪዋ አሥር ደቂቃ አውርታ ልጁ “ጎበዝ ነው አለችሽ” ብሎ ከጨረሰ፣ የሆነ ነገር ጎድሏል። ፓረንትቪው የሚባለውን የወላጆች መተግበሪያም ስልካችሁ ላይ ጫኑ። መቅረቱንም፣ ውጤቱንም፣ ያላስረከበውን የቤት ሥራም ያሳያል። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ልጃችሁ ብቻ የሆነባችሁ ካላችሁ፣ ዛሬ ከስብሰባው በኋላ ወጣቶቻችን እዚያ ጥግ ጠረጴዛው ላይ ያስተካክሉላችኋል።

የ12ኛ ክፍል ወላጆች፣ ፋፍሳ፣ ማለትም የመንግሥት የኮሌጅ ገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ፣ ነጻ ነው። ለመሙላት ማንም ገንዘብ እንዳይቀበላችሁ። ብዙዎቹ ቀደም ብለው የሚዘጉ የኮሌጅ ማመልከቻዎች ኖቬምበር 1 ያበቃሉ። የግብር ወረቀታችሁን ይዛችሁ የሚቀጥለው ቅዳሜ እዚሁ ኑ፣ አብረን እንሞላለን።

ሁለት ቅጾች በሩ አጠገብ አሉ። አንደኛው በየትምህርት ቤቱ ተከፋፍሏል፤ ከ2፡30 በኋላ የሚቀሩ ልጆችን በየተራ በመኪና የሚመልሱ ወላጆች የሚመዘገቡበት ነው። መኪና ያለው ስሙን፣ ሰዓት ያለው ቀኑን ይጻፍ። መኪና የሌለው ታናናሾቹን ቤቱ ሊያቆይ ይችላል፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው። የራይድ ኦን አውቶቡስም ለተማሪ ነጻ ስለሆነ መስመሩን የሚያውቅ ያስረዳ። ሁለተኛው ቅጽ በሚቀጥለው የወላጆች ምሽት አብረን ለመሄድ ነው። ብቻውን መሄድ የሚያፍር ሰው ሦስት አራት ሆኖ አያፍርም።

ቡናው እየተቆላ ነው፣ ሽታው እዚህ ደርሶኛል። ከዚያ በፊት ግን የዓመቱን ገቢና ወጪ መስማት አለብን። ሒሳብ ሹማችን፣ መድረኩ የእርስዎ ነው።