ክኒኑ ከተቋረጠ በኋላ የመጣው ዝምታ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አክስቴ ነው። ለዓመታት ማታ ማታ ሎራዜፓም የሚባለውን የእንቅልፍ ክኒን ትወስድ ነበር። ለሌላ ሕመም ሆስፒታል በተኛች ጊዜ ስለ ክኒኑ የጠየቀን ሰው አልነበረም፣ እኛም አላነሣነውም፤ በዚሁ በድንገት ተቋረጠ።

በ4ኛው ቀን መናገር አቆመች። ውኃ ላጠጣት ክንዷን ቀና ባደርገው፣ ብርጭቆውን ካነሣሁት በኋላም ክንዷ እንደ ሰም ባስቀመጥኩት ቦታ ቀረ። ዓይኗ ተከፍቷል፤ ግን አትመልስም፣ ምግብም አትቀበልም። አኩርፋለች ብለን አሰብን፤ እኔም እንደዚያ በማሰቤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሁኔታው ካታቶኒያ ይባላል። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1874 ያወጣው ጀርመናዊው የአእምሮ ሐኪም ካርል ካልባውም ነው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ስኪዞፍሬኒያ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ምልክት ብቻ ተደርጎ በመቆጠሩ፣ ከመድኃኒት መቋረጥ ጋር የሚያያዘው ሰው ዛሬም ጥቂት ነው።

በአንጎላችን ውስጥ ጋባ የተባለ ኬሚካል የነርቮችን መነቃቃት ያረግባል፤ ሎራዜፓምና ዳያዜፓምን የመሳሰሉ ቤንዞዲያዜፒኖች ደግሞ ኃይሉን ያጎለብቱለታል። አንጎል ይህን እገዛ እየለመደ ሲሄድ ለጋባ የሚሰጠው ምላሽ ይደክማል፤ ስለዚህ ክኒኑ በአንድ ጊዜ ሲቀር የሚያረጋጋው ኃይል ጎድሎ ይገኛል። ብዙዎችን ይህ ጉድለት እንቅልፍ ይነሣቸዋል፣ ያስጨንቃቸዋል፣ ያንቀጠቅጣቸዋል፣ አንዳንዶችንም ለሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ይዳርጋቸዋል፤ ጥቂቶችን ግን እንደ አክስቴ አድርቆ ያስቀራቸዋል። ሎራዜፓም ከሰውነት ቶሎ ስለሚወጣ ጣጣው በቀናት ውስጥ ይመጣል፤ የዳያዜፓም ግን ሊዘገይ ስለሚችል ምክንያቱን ማስታወስ የበለጠ ይከብዳል።

በዚያ ምሽት ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጥ፣ አንቲሳይኮቲክ የሚባል መድኃኒት ሊጀመርላት ነበር። በካታቶኒያ ላይ እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች ሁኔታውን ሊያባብሱ፣ ከፍተኛ ትኩሳትና የጡንቻ መገተር የሚያስከትል ለሕይወት አስጊ ችግርም ሊያመጡ ይችላሉ። ከዚህ ያተረፋት ተረኛዋ ሐኪም ያቀረበችልን አጭር ጥያቄ ነው፦ «ቤት ውስጥ የምትወስደው መድኃኒት ነበር?»

ከራስጌ መሳቢያዋ የክኒኑን ባዶ ሽፋን አምጥቼ አሳየኋት። ሐኪሟ የአክስቴን ክንድ ቀና አድርጋ ለቀቀችው፤ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ከዚያም 1 ሚሊግራም ሎራዜፓም በደም ሥሯ ሰጠቻት። ይህ መርፌ ምርመራም ሕክምናም ነው፤ ምላሹ አንዳንድ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይታያል፤ ካልሠራም በማደንዘዣ የሚሰጥ የኤሌክትሪክ ሕክምና አለ። 10 ደቂቃ ያህል እንደቆየን ክንዷ ቀስ እያለ ወረደ፣ ወደ እኔም ዞረችና፣ «ልጄ፣ እጄ ዛለብኝ» አለችኝ።

አሁን ክኒኑን በሐኪም ክትትል በየጥቂት ሳምንቱ በጥቂት በጥቂቱ እየቀነሰች ነው። መጠኑን የምንጽፍበት ደብተር አለን፤ መጀመሪያ እኔ ነበርኩ የምሞላው፣ ካለፈው ወር ጀምሮ ግን ራሷ ትጽፈዋለች።