ለናርጊስ፣ ከጣና ዳር

እንደምን አመሻችሁ። እናቶች፣ አባቶች፣ እናንተም ከኋላ ሳሩ ላይ የተቀመጣችሁ ልጆች፣ እንኳን መጣችሁ። ነፋሱ ከሐይቁ በኩል እየበረታ ነው። ጋቢ ያላችሁ ደረብ አድርጉ፤ የፊልሙ ርዝመት ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው።

የዛሬው ፊልም፣ “ማዘር ኢንዲያ”፣ ከመጀመሩ በፊት ስለ ህንዳዊቷ ተዋናይ ስለ ናርጊስ ትንሽ ተናገሪ ተብዬ ነው የቆምኩት። ደስ እያለኝ ነው የምናገረው።

እኔ ናርጊስን ያወቅኳት እዚሁ ባህር ዳር፣ በሰማንያዎቹ መጀመሪያ፣ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። ቪዲዮ ቤት ስንል የሰው ሳሎን ማለት ነው። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ይሰቀላል፣ አግዳሚው ላይ ተጠጋግተን እንቀመጣለን፣ ቦታ ያጣ መሬት ላይ ቁጢጥ ይላል። ህንድኛ የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። ከስር የሚጻፈው ትርጉም እንግሊዝኛ ነው፣ ያውም ግማሹ ተቆርጧል። ግን እሷ ስታለቅስ ቤቱ በሙሉ ያለቅስ ነበር።

“ማዘር ኢንዲያ”ን መጀመሪያ ያየሁ ቀን ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው፣ ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን ሳለ ዴኩ፣ ማጫወቻው ማለቴ ነው፣ ካሴቱን በላው። ባለቤቱ ክሩን አወጣለሁ ብሎ ሲታገል ጭራሽ በጠሰው። ገንዘባችን አልተመለሰም፣ መጨረሻውንም አላየን። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤት ውስጥ እያንዳንዷ ልጅ የራሷን መጨረሻ ትነግረን ነበር፤ አንዷ እናትና ልጁን ታስታርቃለች፣ አንዷ የጠፋውን ባል ትመልሳለች፣ ሌላዋ ደግሞ ሁሉንም ትድራለች። እኔ ማታ ማታ ተኝቼ የምጨነቀው ለራዳ ነበር። ራዳ ማለት ናርጊስ የሠራቻት እናት ናት።

ካሴቱ ሌላ ቤት መጣ ሲባል እምዬን ይዣት ሄድኩ። እምዬ ከአዴት ወዲያ ገጠር ያደገች ናት። ፊልም የሚባል ነገር አይታ አታውቅም ነበር። አራጣ አበዳሪው ገና ደጃፉ ላይ መዝገቡን ይዞ ሲቆም “ይሄ ሰውዬ ደግ አይደለም” አለችኝ። ማንም አልነገራትም። በኋላ ነው እኔ የተረዳሁት፤ ለራዳ ሠርግ ለተበደሩት 500 ሩፒ ከምርቱ ከአራት እጅ ሦስቱን በወለድ እየወሰደ ያራቁታቸዋል፤ እነሱ ደግሞ መዝገቡን ማንበብ አይችሉም።

ከዚያ ጎርፉ መጣ። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ፎገራ ሜዳ ላይ ሲተኙ ላየ ሰው ያ ጎርፍ የፊልም አይደለም። ሰዉ ዕቃውን ጭኖ አገር ጥሎ ሊሄድ ሲል ራዳ ፊቷ ጭቃ ሆኖ ቆማ ትለምናቸዋለች፣ አትሂዱ እያለች። ቀጥላ ራሷ እርሻ ገባች። የበሬውን ሥራ በገዛ ትከሻዋ ስትሠራ እምዬ ከአግዳሚው ብድግ አለች።

“ተይ ልጄ፣ ተይ፣ ወገብሽን!”

ማንም አልሳቀባትም። ከኋላ አንዲት እናት “ታዲያ ማን አላት ብለሽ ነው?” ብላ መለሰችላት። እምዬም “እውነትሽን ነው” ብላ ተቀመጠች፤ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ይዛ እስከ መጨረሻው አልለቀቀችውም።

የሌሎቹን የህንድ አክተሮች ፀጉር አሠራር ስንቀዳ ኖረናል፣ ሻይ ቤቱ ሁሉ ፎቷቸው ነበር። ናርጊስን ግን ማን ይቀዳታል? ቤት ስንገባ እንጀራ እየጋገረች የምናገኛት እሷው ናት።

ይሄን ሁሉ ያደረገችው ደግሞ ገና ወጣት ሆና ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1957 ሲወጣ 28 ዓመቷ ነበር። ፀጉሯ ሸብቶ፣ ፊቷ ተጨማዶ የምናያት ያቺ አሮጊት 28 ዓመቷ ነው! ያስቸገረ ልጇን ቢርጁን ሆኖ የሠራው ሱኒል ዱት የሚያንሳት በአምስት ቀን ብቻ ነው። እኔ ይሄን ስሰማ አላመንኩም፣ ዛሬም ሳየው ልጇ ነው የሚመስለኝ። ቀረጻ ላይ እሳት ተነስቶ ሲከባት ዘሎ ገብቶ ያወጣት እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ተጋቡ። በዚያው ዓመት ፊልሙ ለኦስካር የታጨ የመጀመሪያው የህንድ ፊልም ሆነ፤ እሷም በቼኮዝሎቫኪያው የካርሎቪ ቫሪ ፌስቲቫል በምርጥ ተዋናይነት ተሸለመች።

ዕድሜዋ ግን አጭር ነበር። በቆሽት ካንሰር ታማ እ.ኤ.አ. ግንቦት 3 ቀን 1981 በ51 ዓመቷ አረፈች። የልጇ የሳንጃይ ዱት የመጀመሪያ ፊልም ለሕዝብ ሊታይ ቀናት ብቻ ቀርተውት ነበር። በምረቃው ምሽት ለእሷ አንድ ወንበር ባዶ ተትቶላታል። ስለዚያ ወንበር ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

መጨረሻውን አልናገርም። ያላያችሁ ልጆች አላችሁ፣ እኔ አንድ ዓመት የጠበቅኩትን እናንተ በሦስት ሰዓት ታገኙታላችሁ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ የእናትየው አምባር ከእሷ እጅ ሲወጣ ጀምሮ ዓይናችሁ አይለየው። የት እንደሚደርስ ተከተሉት።

ሌላም አደራ አለኝ። ከፊት የተቀመጡት እናቶች ስክሪኑን ማናገራቸው አይቀርም። ይመክሯታል፣ አራጣ አበዳሪውን ይረግሙታል፣ ልጁን ይቆጡታል። እባካችሁ “ዝም በሉ” እንዳትሏቸው። እምዬ ያቻትና፣ ሰማያዊ ጥለት ያለው ነጠላ የለበሰችው፤ ዘንድሮ 81 ዓመቷ ነው፣ እርሻው ጋ ሲደርስ ምን እንደምትል ታውቃላችሁ። ከኋላ ያላችሁ፣ መልሱላት።

በሉ መብራቱን አጥፉልን።