በርሜሌን መልሱልኝ፦ ለሰፈራችን ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የግቢያችን ነዋሪዎች፣ ጤና ይስጥልኝ።

ኮሚቴው የዛሬ ሁለት ሳምንት ደውሎ «ቲቸር፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ስለ ችግኝ ተከላ አሥር ደቂቃ ይናገሩልን» አለኝ። እሺ አልኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቁጭ ብሎ የሚሰማኝ ሰው ናፍቆኝ ነበር። ዕድሜ ልኩን ባዮሎጂ ሲያስተምር የኖረ ሰው ግን አሥር ደቂቃ የሚባል ነገር አያውቅም። ይህን ኮሚቴው ቀድሞ ማሰብ ነበረበት።

የችግኙን ነገር ቶሎ ልጨርስ። ጉድጓዱን ከአሁኑ ቆፍሩ። ስትተክሉ ፌስታሉን አውልቁ። አምና ከነፌስታሉ የቀበረ ሰው አለ፤ ስሙን አልጠራም፣ እዚሁ ተቀምጧል። ይኸው ነው። አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ።

የመጣሁት ስለ በረንዳችን አፈር ነው። የኩሽና ልጣጭ አበስብሼ ለተክል የሚሆን ብስባሽ ስለማደርግበት በርሜሌም ነው።

ቁልፍ ተረክበን የገባን ሰሞን ትዝ ይላችኋል? ውሃ በስንት ጊዜ አንዴ ብቅ ስትል አራተኛ ፎቅ ድረስ ጀሪካን ተሸክመን እንወጣ ነበር። ግቢው የተሰበረ ብሎኬትና የሲሚንቶ ፍርፋሪ ብቻ ነበር። ሣር የሚባል ነገር አልነበረበትም። እንዲያም ሆኖ ሁለት ወር ሳይሞላን አንዱ በረንዳ ላይ ጤና አዳም ታየ። ቀጥሎ በሶብላ። ከዚያ የዘይት ጀሪካን አፉ ተቆርጦ ቃሪያ በቀለበት። ከዚያ ደግሞ ጎመን በማዳበሪያ ተተከለ። ጆንያውን «ማዳበሪያ» እንለው የለ? ዩሪያና ዳፕ ይመጣበት ስለነበር ነው ስሙ የተረፈው። ስሙ ማዳበሪያ፣ ውስጡ ግን የሲሚንቶ ፍርፋሪ። የእኛ ችግር ሁሉ ከዚህች ስም አይርቅም።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ ፈቅዳልኛለች። ጎመኗ ቢጫ ሆነባት። ጎመን የለመደች ሴት ናት፤ ያደገችው እንጅባራ ነው። እናቷ ጓሮ ጎመን ሲከፋ የምድጃ ዐመድ ይበትኑበት ነበር፤ ጎመኑም ያገግማል። እሷም ከከሰል ማንደጃዋ ዐመድ እየዛቀች ጨመረችበት። ባሰበት። ደግማ ጨመረች። ይብስ ብሎ አዲስ የሚወጣው ቅጠል ነጣ። አንድ ጠዋት በሬን አንኳኩታ «እትዬ፣ የእናቴ መድኃኒት እዚህ አልሠራ አለ፤ አገሩ ነው ወይስ እኔ ነኝ?» አለችኝ።

ወርጄ አየሁት። የታችኞቹ ትልልቅ ቅጠሎች ደህና ናቸው። ቢጫ የሆነው ከላይ ያለው ጨቅላው ቅጠል ነው። ጅማቱ አረንጓዴ፣ በጅማቶቹ መሀል ያለው ቢጫ። «አፈሩን ከየት አመጣሽው?» አልኳት። ከብሎኩ ጀርባ። ቤት ገብቼ አቼቶ አመጣሁና ጭብጥ አፈር ላይ ጠብ አደረግሁበት። አረፋ ደፈቀ! አፈር አልነበረማ። የግንበኞቻችን ሞርታር፣ የሲሚንቶና የአሸዋ ቡኮ ነው፣ ደርቆ ተፈጭቶ፣ አፈር መስሎ።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስተምራችሁ፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። የእንጅባራ አፈር አሲዳማ ነው። ዐመድ ደግሞ የአሲድ ተቃራኒ ነው። ስለዚህ እናቷ ልክ ነበሩ። ለዚያ አፈር ዐመድ መድኃኒት ነው፤ ፖታሲየምም ካልሲየምም ያገኝበታል። የእኛ ግቢ አፈር ግን ሲሚንቶ ጠጥቶ ቀድሞውኑ ወደ ሌላው ጫፍ ሄዷል። እንዲህ ባለ አፈር ውስጥ ብረት ቢኖርም ሥሩ ሊወስደው አይችልም። መሶቡ ቀርቦ እጅ እንደመታሰር ማለት ነው። እሷ ደግሞ ዐመድ ጨምራ ገመዱን አጠበቀችው።

ስለዚህ ቅጠል ሲታመምባችሁ መጀመሪያ አንድ ነገር ጠይቁ። ቢጫው ከታች ነው ወይስ ከላይ?

ከታች ከጀመረና አሮጌው ቅጠል በሙሉ ከነጣ፣ ናይትሮጅን ጎድሎታል። ናይትሮጅን በተክሉ ውስጥ ይንቀሳቀሳል። ሲያጥር አሮጌው ቅጠል የራሱን አውጥቶ ለጨቅላው ይሰጣል። እናት ከአፏ ነጥላ ለልጇ እንደምታጎርሰው ነው። ከላይ ጨቅላው ቢጫ ሆኖ ጅማቱ አረንጓዴ ከቀረ፣ ብረት ነው። ብረት አንዴ የገባበት ቅጠል ላይ ይቀራል፤ ለታናሹ አያካፍልም። የአሮጌው ቅጠል ጠርዝ እንደተቃጠለ ወረቀት ከሆነ ፖታሲየምን ጠርጥሩ። ማግኒዥየምም አለ፣ ፎስፈረስም አለ፤ እነሱን ቡና ላይ ጠይቁኝ። የቲማቲም ቂጥ ጠቁሮ ሲበሰብስ ግን እንቁላል ቅርፊት ፍለጋ አትሩጡ። ካልሲየም ፍሬው ጋ አልደረሰም ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ውሃ አጠጣጣችን ነው። ሦስት ቀን ረስተን በአራተኛው ስለምናጥለቀልቀው ነው።

ለምን በበረንዳ ይበዛል? መሬት ላይ ያለ ተክል ሥሩን ሰዶ ይፈልጋል። ጀሪካን ውስጥ ያለ ወዴት ይሄዳል? ውሃ ባጠጣችሁት ቁጥር ከታች የሚወጣው ቡናማ ውሃ የእናንተ ናይትሮጅን ነው። አንደኛ ፎቅ ያሉት ጋሼ የታጠበ ልብሳቸው ላይ ሲንጠባጠብ የሚጮሁበት ውሃ ማለቴ ነው። ሳህን አስቀምጡበትና መልሳችሁ አጠጡት። ጋሼም ያርፋሉ፣ ጎመኑም ይበላል።

አሁን «ታዲያ ዩሪያ እንጨምርበት» የምትሉ አላችሁ። አውቃለሁ፤ እኔም ብያለሁ። ዩሪያ ከመቶ 46 እጁ ናይትሮጅን ነው። እኔ፣ ባዮሎጂ አስተማሪዋ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሙሉ በአንድ የቀለም ባልዲ ጤና አዳም ላይ ነሰነስኩ። በሳምንቱ ቅጠሉ እሳት የነካው መሰለ። ለቡና የሚሆን አንዲት ዘለላ አልተረፈኝም። ለአንድ ወር ጤና አዳም ከጎረቤት ለመንኩ። ለማን እንደሆነ አልተናገርኩም ነበር፤ ይኸው ዛሬ ተናገርኩ።

ከዚያ በኋላ ነው በርሜሉን የጀመርኩት።

ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ነው። ጎኑንና ቂጡን በመሰርሰሪያ በሳሳሁት። ከብሎኩ ጀርባ፣ ማንም የማያልፍበት ጥግ አስቀመጥኩት። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ዘንግ፣ የቡና አተላ እጨምርበታለሁ። አንድ እጅ እርጥቡን ካደረግሁ ሁለት እጅ ደረቁን እደርብበታለሁ፤ የደረቀ ቅጠል፣ የተቀደደ ካርቶን፣ ጭድ። ሥጋ የለበትም፣ አጥንት የለበትም፣ ዘይት የነካው ወጥ የለበትም፤ አይጥ ይጠራል። የባህር ዛፍ ቅጠልም አላስገባም፤ ሌላ ተክል አያሳድግም። በየሳምንቱ በዱላ አገላብጠዋለሁ። እርጥበቱ ተጨምቆ እንደተቀመጠ ስፖንጅ ይበቃል። መሀሉ ሲግል እጃችሁን ብትሰዱ ታወጡታላችሁ። በአራት ወር፣ የኛ ብርድ ሲበረታ በአምስት ወር፣ ያ ሁሉ ልጣጭ ጥቁርና ፍርፍር ያለ አፈር ይሆናል። ሽታው ዝናብ የነካው መሬት ነው።

የሦስተኛ ፎቋን ጎመን ያዳነው እሱ ነው። ሞርታሩን ደፋን። ሁለት እጅ ንጹሕ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ ከበርሜሉ ብስባሽ፣ ግማሽ እጅ የወንዝ አሸዋ አድርገን እንደ አዲስ ተከልነው። ቢጫ የነበረው ቅጠል አልዳነም፤ የታመመ ቅጠል ይረግፋል። አዲስ የወጣው ግን አረንጓዴ ነበር። በልተነዋል፤ በቆጮና በአይብ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። ኮሚቴው ጆሮውን ያቅና።

ለፋሲካ ጽዳት ሲባል በርሜሌ ተነሣ። ሳልጠየቅ። በሬ ሳይንኳኳ። አራት ወር የለፋሁበት፣ ለመብሰል ሁለት ሳምንት የቀረው ብስባሽ ከሌላው ቆሻሻ ጋር መኪና ላይ ተደፋ። ምክንያቱ ምንድን ነው ብል «ይሸታል» ተባልኩ።

እውነት ነው፣ አንድ ጊዜ ሸቷል። ሐሰት አልናገርም። ከአንድ ማኅበር የተረፈ እንጀራ ሰው አምጥቶ ሞላበት፣ እኔም ደረቅ ሳልጨምር ቤተሰብ ጋ ሄድኩ። ሲረጥብና አየር ሲያጣ ይሸታል። ግን መድኃኒቱ አንድ ካርቶን ነበር! አንድ የተቀደደ ካርቶን ጨምሮ ማገላበጥ! የሸተተ ነገር ሁሉ የሚጣል ቢሆን ኖሮ ስንቶቻችን ቤት ውስጥ የሊጥ ቡሃቃ ይተርፍ ነበር?

ደግሞ ስሙኝ። በዚያው ወር፣ ከነዋሪዎች ማኅበራችን መዋጮ፣ ለበሩ አበባ ማሰሮዎች «የደን አፈር» በጆንያ ተገዛ። የደን አፈር ከየት ይመጣል? ከደን ነዋ። ከአንዱ ተራራ ሥር ዛፉን አራቁተው ዝቀው ነው። ነፃውን አፈር ደፍተን፣ የተዘረፈውን ገዛን! ሒሳቡን የሚያውቅ ይነሣና ያስረዳኝ። የበሩ አበቦች ደግሞ ይኸው ናቸው፤ ስትወጡ እዩአቸው። ከታች ነው ወይስ ከላይ ቢጫ የሆኑት?

የደፋነው የት ይሄዳል? መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ የተናደ ቀን ሁላችን ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን አልቅሰናል። ከመቶ በላይ ወገን ነው ያ ክምር የቀበረው። ያ ክምር ከሰማይ አልወረደም። የእኔም ልጣጭ ነበረበት፣ የእናንተም ነበረበት። በዚያ ቀን ያለቀስን ሰዎች አንድ በርሜል መታገሥ ካቃተን ልቅሶው ምን ነበር?

ተቆጣሁ መሰለኝ። ውሃ ስጡኝ።

የቀረውን በፍጥነት። የሙዝ ልጣጭ እንዳለ ማሰሮ ውስጥ አትቅበሩ፤ በርሜል ይገባል። የቡና አተላ በቀጥታ ወፍራም አድርጋችሁ አትደፉበት፤ ይደርቅና ውሃ አያሳልፍም። ከአናጢ ያመጣችሁትን ጥሬ ሰጋቱራ አፈር ውስጥ አትቀላቅሉ፤ ለመበስበስ ሲል የተክሉን ናይትሮጅን ይበላበታል። ጥሬ የዶሮ ኩስም እንዲሁ፤ ሥር ያቃጥላል፣ ሰላጣ ላይ ደግሞ በሽታ ነው። ብስባሹን በየሁለት ሦስት ወሩ ጣት በምታህል ውፍረት ከላይ አልብሱት። ፈጣን ፈሳሽ ማዳበሪያ ለሚፈልግ፣ ከየቤታችን በየቀኑ የሚገኝ፣ አሥር እጅ ውሃ የሚጨመርበት አንድ ነገር ነበር። ልጆች አሉ፤ ይለፈን።

ከኮሚቴው የምፈልገው ካሳ አይደለም። በርሜል ነው። አንድ ሳይሆን ሦስት፤ አንዱ የሚሞላ፣ አንዱ የሚበስል፣ አንዱ የሚወጣ። ክዳን ያላቸው ይሁኑ። ከጀርባ ያለውን ጥግ በቃለ ጉባኤ ስጡን። ሽታ ከተሰማ እኔን ጥሩኝ፤ ሁለተኛ ብሎክ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ቁጥሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከብሎኩ ጀርባ እጠብቃችኋለሁ። ከየቤታችሁ አንድ ካርቶንና አንድ ጭብጥ የበረንዳችሁን አፈር ይዛችሁ ኑ። አቼቶውን እኔ አመጣለሁ።

ቡናው ቀርቧል ይሉኛል። አቦሉ ከወጣ ቆይቷል፤ ያቆየኋችሁ እኔ ነኝ። በረካው ሲያልቅ አተላውን የሚቀበል ባልዲ በሩ ጋ አስቀምጫለሁ፤ አረንጓዴው ነው።

አመሰግናለሁ።