ካሴቱ፣ ካፕቸሯ እና የጋሼ እስክስታ

ቲጂ፦ ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬም የምንቀዳው ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ከሳሎናችን ነው። ከውጭ የሚሰማችሁ የኮብልስቶን ድብደባ ነው፤ የውስጥ መንገዱን እየሰሩልን ስለሆነ ለዛሬ ቻሉት።

አቤ፦ ድምጹን እናንተ ቻሉ፣ አቧራውን እኛ እንችላለን።

ቲጂ፦ የዛሬው ርዕስ ብዙ ሰው የጠየቀን ነው። ያለ ኮምፒውተር፣ ራሷን ችላ የምትቀዳ የኤችዲኤምአይ ካፕቸር፣ የቪዲዮ መቅጃ ማለት ነው። ምን ትሰራለች፣ ቤት ውስጥስ እንዴት እንጠቀምባት?

አቤ፦ ከምንነቷ ጀምሪላቸዋ።

ቲጂ፦ መዳፍ የምታህል ሳጥን ናት። በአንድ በኩል ኤችዲኤምአይ፣ ያ ምስልና ድምጽ አንድ ላይ የሚያስተላልፈው ገመድ፣ ይገባል፣ በሌላው በኩል ወደ ቴሌቪዥን ይወጣል። ፍላሽ ወይም ሚሞሪ ትሰካባታለህ፣ ቁልፏን ትጫናለህ፣ በቃ፤ ቴሌቪዥኑ ላይ የምታየው ሁሉ ፍላሹ ላይ ይቀዳል። ላፕቶፕ የለ፣ ሶፍትዌር የለ። አንዳንዶቹ ደግሞ የኤቪ መግቢያ አላቸው፤ ያ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ገመድ። እኔ የገዛሁት ለእሱ ብዬ ነው፤ ዴክ ኤችዲኤምአይ የለውማ።

አቤ፦ ቆይ፣ ዴክ? የካሴት ዴክ?

ቲጂ፦ የቪዲዮ ዴክ! ምናለሽ ተራ ብትሄድ ዛሬም ታገኛለህ። አዲስ ግን የትም የለም። የመጨረሻው አምራች የጃፓኑ ፉናይ ነበር፣ እሱም በ2016 እ.ኤ.አ. ማምረት አቁሟል። ስለዚህ አሁን ያሉት ዴኮች አንድ በአንድ እያለቁ ነው። ካሴቱ ቤት ኖሮ ዴኩ ካለቀ በኋላ ምን ልታደርግ ነው?

አቤ፦ እና ምን ነበር ካሴቱ?

ቲጂ፦ የእማዬና የአባዬ ሰርግ። ጥር 1988። በፌስታል ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን አናት ላይ ስንት ዘመን ተቀምጧል። እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ዘመድ ሁሉ እማዬ ቤት ተሰበሰበ። አያቴ አለች፣ እቴቴ አለች፣ ጋሼ ደግሞ ከሰበታ ድረስ መጡ።

አቤ፦ ከሰበታ ቱሉ ዲምቱ! ከተማውን ሙሉ አቋርጠው?

ቲጂ፦ ታክሲ እየቀያየሩ። ለምን መሰለህ? በዚያ ሰርግ ላይ እስክስታ ወርደው ነበር። የካሜራ ባለሙያው እሳቸውን ብቻ ነው የቀዳው እየተባለ ይወራል፤ እሳቸው ግን አይተውት አያውቁም። ካሴቱ መጀመሪያ ሰሞን በውሰት እየዞረ፣ በኋላ ደግሞ ዴኩ ተበላሽቶ።

አቤ፦ ስለዚህ የዚያን ጊዜ እስክስታቸውን ሊያዩ ነው የመጡት።

ቲጂ፦ ሸሚዛቸውን ተኩሰው! እና ካሴቱን ከተትነው። ዴኩ መጀመሪያ ጎተት አደረገው፣ ከዚያ ውጦት ውስጡ ሲንኳኳ ይሰማል፤ ሰማያዊ ስክሪን፣ ከዚያ በረዶ በረዶ፣ ከዚያ ጥግ ላይ ቁጥር መጣ፤ 28 1 1996። እቴቴ ወዲያው፣ «ይሄ የእናንተ አይደለም፣ የ96ቱ የማን ሰርግ ነው?» እማዬ ደግሞ፣ «ባሌን አጣዋለሁ እንዴ!»

አቤ፦ ካሜራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነዋ የጻፈው።

ቲጂ፦ አዎ! ጃንዋሪ 28 ቀን 1996 ማለት ጥር 19 ቀን 1988 ነው፣ እሁድ። ቆጥሬ ባሳያቸውም እቴቴ እስከ ምሳ ድረስ አላመነችም። ከዚያ ሙሽሮቹ ታዩ። እማዬ ራሷን አየችና፣ «እኔ እንዲህ ወፍራም አልነበርኩም!» አለች።

አቤ፦ ኧረ ሙሽራይቱን!

ቲጂ፦ እውነቷን ነው እኮ። የድሮው ምስል ወርዱ ከቁመቱ ጋር ሲነጻጸር 4 በ3 ነው፣ የዛሬ ቴሌቪዥን ደግሞ 16 በ9። መቅጃዋ ምስሉን በሰፊው ለጥጣው ነበር። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ ለጥጣ ከቀዳችው ፋይሉ ውስጥም ተለጥጦ ነው የሚቀመጠው። ሜኑዋ ውስጥ 4 በ3 የሚል ካለ እሱን መምረጥ ነው። ከሌለ ደግሞ በኋላ በኮምፒውተር፣ ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ስታጫውተው መጠኑን ወደ 4 በ3 ትመልሰዋለህ። እናቶቻችንን አናወፍራቸው።

አቤ፦ ጥራቱንስ? እኔ ብሆን 1080 ላይ፣ በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ማለትም 60 ምስል፣ ነበር የምቀዳው። ትልቁን ትቶ ለምን?

ቲጂ፦ ለካሴት አይጠቅምም። ቪኤችኤስ፣ ይሄ የተለመደው የቪዲዮ ካሴት፣ ያለው ጥራት ወደ 240 መስመር ብቻ ነው። የኛ አገር የቴሌቪዥን ሲስተም ደግሞ ፓል የሚባለው ነው፣ በሰከንድ 25 ፍሬም። በ60 ስትቀዳው እንቅስቃሴው ይንቀጠቀጥብሃል። 50 ወይም 25 የሚል ምርጫ ካላት እሱን ውሰድ።

አቤ፦ እኔ ግን ለወደፊቱ ብዬ ትልቁን ነው የምመርጠው።

ቲጂ፦ የሌለ ነገር ከየት ይመጣል አቤ? ፍላሽህን ነው የምትሞላው። በሰከንድ 8 ሜጋቢት ስትቀዳ አንድ ሰዓት 3.6 ጊጋባይት ነው። የ3 ሰዓት ካሴት ወደ 11 ጊጋ ይሆናል።

አቤ፦ ፍላሽ ርካሽ ነው። ግዴለም፣ ቀጥይ። ጋሼ ወረዱ ወይ?

ቲጂ፦ ስማኝማ! ዳሱ ይታያል፣ ሰማያዊ ሸራ የተወጠረበት። ካሜራው ቀስ ብሎ ዞረ፣ ከበሮው ደመቀ፣ «እሰይ! እሰይ!» ይላል ሰው። ጋሼ በካሴቱ ውስጥ ነጠላቸውን አደግድገው ወደ መሃል ገቡ። እዚህ ደግሞ ጋሼ ከሶፋው ብድግ አሉ። ትከሻቸው ሊጀምር ሲል...

አቤ፦ አትበይኝ።

ቲጂ፦ መብራት ሄደ።

አቤ፦ በስመአብ!

ቲጂ፦ ድርግም! ጋሼ ቆመው ቀሩ። አያቴ፣ «መብራቱ ያንተን እስክስታ አይወድም» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ተረት ሆኗል፤ መብራት በሄደ ቁጥር፣ «ጋሼ ሊወርዱ ነው መሰለኝ» እንላለን።

አቤ፦ ትናንት ማታም ሄዶ ነበር፤ የሆነ ቦታ ወርደዋል ማለት ነው።

ቲጂ፦ አሁን ለአድማጮቻችን የምለው ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። መብራት ሲሄድ የተቀዳው ምን ይሆናል? ብዙዎቹ መቅጃዎች ፋይሉን የሚጽፉት በኤምፒ4 ነው። ኤምፒ4 ማውጫውን፣ ምኑ የት እንዳለ የሚናገረውን ክፍል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው መጨረሻ ላይ፣ አቁም ስትለው ነው። ሳይዘጋ ኃይል ከተቋረጠበት ያ ሁሉ የተቀዳ ነገር ፍላሹ ላይ እያለ አልከፈትም ይላል።

አቤ፦ ስለዚህ የጋሼ ፋይል ጠፋ።

ቲጂ፦ አልጠፋም! መቅጃዋ በ5 ቮልት የምትሰራ ስለሆነች ኃይሏን ከግድግዳው ሳይሆን ከፓወርባንክ ነበር የሰጠኋት። ዴኩም ቴሌቪዥኑም ጠፉ፣ እሷ ግን በርታ ነበር። ሲግናል ሲቋረጥባት ራሷ አቆመች፣ ፋይሉን ዘጋች። እስከ ነጠላው ማደግደግ ድረስ አለን።

አቤ፦ ይሄ በጣም ጥሩ ነው። እኔ ፓወርባንክ አላሰብኩም ነበር።

ቲጂ፦ ከተማ ዳር ለሚኖር ሰው ይሄ ዋናው ነገር ነው። ከመግዛታችሁ በፊት አዳፕተሩን ገልብጣችሁ እዩ፤ 5 ቮልት የሚል ከሆነ በፓወርባንክ ይሰራል። 12 ቮልት የሚሉም አሉ፣ እነሱን ተራ ፓወርባንክ አይነዳቸውም። ደግሞ ፋይሉን በቲኤስ ፎርማት የምትጽፍ ካገኛችሁ እሷ ትሻላለች፤ መሃል ላይ ብትቋረጥም እስከተቋረጠችበት ድረስ ይከፈታል።

አቤ፦ እሺ፣ መብራቱ መቼ መጣ?

ቲጂ፦ ቡና ተፈልቶ፣ ሁለተኛው እየተቀዳ። ግን አቤ፣ እኔን የነካኝ ጋሼ አይደሉም። ከእሳቸው በፊት የታየች አንዲት ሴትዮ አለች። ዳሱ ጥግ ላይ ማሰሮ ይዛ ጠላ ትቀዳለች። ጥቁር ሻሽ አስራለች፣ ካሜራው ሲደርስባት ፊቷን በክንዷ ሸፈን አድርጋ ትስቃለች፤ ጥቂት ሰከንድ ነው። እኔ አላውቃትም፣ እማዬም ልብ አላለቻትም። አያቴ ግን፣ «አንቺ፣ መልሺው» አለችኝ። መለስኩት። «እሷ እኮ ናት እናትሽን ስወልድ ያዋለደችኝ» አለች።

አቤ፦ እእእ።

ቲጂ፦ እማዬ ደነገጠች። ስሟን እንጂ መልኳን አታስታውሰውም ነበር። አያቴ ስለ ሴትዮዋ ማውራት ጀመረች፤ የት ሰፈር እንደነበረች፣ በሌሊት እንዴት እንደመጣች። ካሴቱ ላይ የሌለ ነገር ነው ይሄ ሁሉ። አያቴ ባትኖር ኖሮ ያቺ ሴት ለእኛ ጠላ የምትቀዳ አንዲት ሴትዮ ብቻ ነበረች።

አቤ፦ የአያትሽንስ ወሬ ቀዳሽው?

ቲጂ፦ ወደዚያ ልመጣ ነው! አንዳንዶቹ መቅጃዎች የማይክ ቀዳዳ አላቸው። የተሰራው ጌም ለሚጫወቱ ልጆች ነው፣ እየተጫወቱ እንዲያወሩበት። እኔ ግን ያቺን ቀዳዳ ሳይ የታየችኝ አያቴ ናት። መብራቱ ሲመጣ ገዝቼ የነበረውን የአንገት ማይክ ነጠላዋ ላይ ሰካሁላት፣ ካሴቱን እንደገና ከመጀመሪያው። «ይሄ ማነው እማማ? ያቺስ?» አሁን ፋይሉን ስትከፍተው ምስሉ አለ፣ ከበሮው አለ፣ ላዩ ላይ የአያቴ ድምጽ አለ።

አቤ፦ እዚህ ላይ አልስማማም።

ቲጂ፦ ለምን?

አቤ፦ የካሴቱን ድምጽ ሸፈንሽዋ። አንዴ ከተቀላቀለ አይለይም። የአባትሽ ሽማግሌዎች የሚናገሩት ላይ አያትሽ ቢናገሩ ሁለቱንም አጣሽ።

ቲጂ፦ አያቴ እኮ ናት የምትበልጥብኝ። ካሴቱ ይቆያል።

አቤ፦ ካሴቱማ አይቆይም፣ አንቺው ነሽ ዴክ እያለቀ ነው ያልሽው። መጀመሪያ ጥርት አድርጎ አንድ መቅዳት፣ ከዚያ በፋይሉ ላይ አያትን ማስወራት። ወይ ድምጻቸውን ለብቻ በስልክ።

ቲጂ፦ ከፋይሉ ላይ መቅዳቱ ልክ ነህ፣ እንደዚያ ካሴቱም አያልቅም፤ ካሴት በተጫወተ ቁጥር ይጎዳላ። ግን ሁለተኛ ጊዜ ብለህ ቀጠሮ ስትይዝ ያ ወሬ አይመጣም። አያቴ ሴትዮዋን ድንገት ስታይ ያወራችው ሌላ ነው። ማይኩ ከመጀመሪያው ይሰካ ነው የምለው።

አቤ፦ እሺ፣ ስልኩ ከመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ካሴቱ ንጹህ ይቀዳል፣ ወሬውም አያመልጥም።

ቲጂ፦ ሁለቱን በኋላ የሚያገጣጥመው ማነው?

አቤ፦ እኔ አገጣጥምልሻለሁ።

ቲጂ፦ ይሄ ተቀድቷል! ሁላችሁም ሰምታችኋል።

አቤ፦ ጥያቄዎች ብዙ ናቸው፣ ቶሎ ቶሎ እንበል። ከዲሽ ሪሲቨር መቅዳት ይቻላል ወይ የሚል አለ።

ቲጂ፦ ኤችዲሲፒ የሚባል መቆለፊያ አለ፤ ላኪው መሣሪያ እሱን ካበራ መቅጃዋ ጥቁር ስክሪን ነው የምታሳይህ። የፊልም ማጫወቻዎች ላይ የተለመደ ነው። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ግን ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ማጥፋት ትችላለህ፣ ጌሙን ትቀዳለህ። የራስህ ሰርግ ካሴት ላይ ይሄ ችግር የለም።

አቤ፦ ፋይሉ ለምን ይቆራረጣል የሚልም አለ።

ቲጂ፦ ፍላሹ ፎርማት የተደረገው በፋት32 ከሆነ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ አይበልጥም። መቅጃዋ እየከፋፈለች ትጽፋለች እንጂ የጠፋ ነገር የለም። ኤክስፋት የሚባለውን ሌላ ፎርማት የምትቀበል ከሆነች ፍላሹን በእሱ ፎርማት አድርጉት።

አቤ፦ ከአሜሪካ የተላከ ካሴት አለን፣ ምስሉ ይንሸራተታል ያሉም አሉ።

ቲጂ፦ እሱ ኤንቲኤስሲ ነው፣ የአሜሪካ ሲስተም። ፓል ብቻ የሚያውቅ ዴክ አያጫውተውም። ዴኩ ፊት ላይ ወይም ጀርባው ላይ ኤንቲኤስሲ የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ዲሲ ዘመድ ያለው ቤት ሁሉ አንድ እንዲህ ያለ ካሴት አይጠፋውም። እና እባካችሁ፣ ካሴቱ ጠርዝ ላይ ነጭ ሻጋታ ካያችሁ ዴክ ውስጥ አትክተቱት፤ ሻጋታው የዴኩ ሄድ፣ ካሴቱን የሚያነበው ክፍል፣ ላይ ይቀራል፣ ቀጥሎ የምታስገቡትንም ያበላሻል።

አቤ፦ አሁን የኔ ጥያቄ። ላፕቶፕ ያለው ሰው ለምን ይቺን ይገዛል? በዩኤስቢ የምትሰካዋ ትንሿ ካፕቸር በጣም ርካሽ ናት፣ ላፕቶፕ ደግሞ የራሱ ባትሪ አለው። መብራት ቢሄድ ምን ገዶት!

ቲጂ፦ ላፕቶፕ ያለው ይግዛት፣ አልከለክልም።

አቤ፦ እንግዲህ።

ቲጂ፦ ግን ላፕቶፕ ስትከፍት ሰው ሁሉ አንተን ነው የሚያይህ፣ «ጨረስክ ወይ» እያለ። ይቺ ቴሌቪዥኑ ስር ተቀምጣ ቀይ መብራቷ ብቻ ይታያል፤ ሰው ዘና ብሎ ያወራል። አያቴ ላፕቶፕ ፊት እንዲያ አታወራም።

አቤ፦ ላፕቶፑን ከሶፋው ጀርባ ማድረግ ይቻላል።

ቲጂ፦ ገመዱ ይደርሳል?

አቤ፦ ረጅም ገመድ አለኝ።

ቲጂ፦ በል እንግዲህ፣ የእናትህን ቤት ካሴት በላፕቶፕ ቅዳ፣ ቀጥሎ ስንገናኝ ሁለቱን እናስተያያለን። እናንተም ምን ካሴት ቤታችሁ እንዳለ ጻፉልን። ጋሼ ደግሞ ለትንሣኤ ይመጣሉ፣ ፓወርባንኩን ከዋዜማው ቻርጅ አደርገዋለሁ።

አቤ፦ ለዴኩና ለቴሌቪዥኑም ዩፒኤስ፣ ያን መብራት ሲሄድ የሚተካውን ባትሪ፣ ፈልጊ።

ቲጂ፦ ዩፒኤስ ያላችሁ የቱሉ ዲምቱ ልጆች፣ አውሱን! ቻው።

አቤ፦ ቻው፣ ሰላም ሁኑ።