ሮያል ጆርጅን ያሰጠማት ምን ነበር?

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የምንነጋገርባትን መርከብ ማዕበል አልመታትም፤ ጠላትም አልተኮሰባትም። ሮያል ጆርጅ በ1756 እ.ኤ.አ. ባሕር ላይ የወረደች፣ 100 መድፍ የምትሸከም የእንግሊዝ ባለሸራ የእንጨት መርከብ ናት። ኦገስት 29 ቀን 1782 ጠዋት፣ ከፖርትስመዝ ፊት ለፊት ስፒትሄድ በተባለው መቆሚያ መልሕቋን ጥላ ሳለች ሰመጠች።

የቀኑ ሥራ ጥገና ነበር። በቀኝ ጎኗ፣ ከውኃው ወለል ዝቅ ብሎ፣ የባሕር ውኃ የሚያስገባ ቧንቧ መጠገን ነበረበት። የመርከቦቹ ጓድ በስፔንና በፈረንሳይ የተከበበችውን የእንግሊዝ ምሽግ ጂብራልታርን ሊረዳ በዝግጅት ላይ ስለነበር፣ እዚያው ባለችበት እንድትዘነብል ተደረገ። የግራ መድፎች በመስኮቶቻቸው በኩል እስከ መጨረሻው ወደ ውጭ ተገፉ፤ የቀኞቹ ወደ መሃል ተሳቡ። በዚህ መንገድ ቀዳዳው ከውኃ በላይ ወጣ። ዘዴው የተለመደ ነው፤ አየሩ ጸጥ ካለና ክትትል ካልተጓደለ አያስፈራም።

ጥፋቱ ከዚህ በኋላ ነው የመጣው። የመድፎቹ አፍ ወደ ውጭ ስለወጣ የታችኛው ደርብ የግራ መስኮቶች ሊዘጉ አይችሉም፤ ደፋቸውም ከባሕሩ ጋር ሊገናኝ ጥቂት ቀርቶታል። በዚህ መሃል ላርክ የምትባል ጀልባ በዚያው ባዘነበለው ጎን ተጠግታ ሩም የተባለውን የአልኮል መጠጥ በርሜሎች ማስጫን ጀመረች። የበርሜሉም የጫኚውም ክብደት በግራ በኩል ተጨመረ። ትንሹ ሞገድ ሁሉ ደፉን እየዘለለ ገባ። የገባው ውኃ ደግሞ ዝቅ ባለው ጎን ይጠራቀማል፤ በተጠራቀመ ቁጥር መርከቧ ይበልጥ ታዘነብላለች፣ ደፉ ይበልጥ ይወርዳል።

አናጺው ይህን አይቶ መርከቧ እንድትቃና ለተረኛው መኮንን ነገረው፤ አልተሰማም። ተመልሶ መጥቶ ደገመለት። መርከበኞቹ መርከቧን እንዲያቃኑ የሚጠራው ከበሮ እንዲመታ ሲታዘዝ ግን ጊዜው አልፏል፤ እያንዳንዱ ከ2 ቶን በላይ የሚመዝን መድፍ ሽቅብ መጎተት ነበረበት።

በዕለቱ ለጉብኝት የመጡ ቤተሰቦችና ነጋዴዎችም ተሳፍረው ስለነበር የሟቾቹ ቁጥር በትክክል አይታወቅም፤ 900 ገደማ እንደሆነ ይገመታል። የባሕር ኃይል ከፍተኛ አዛዥ የነበረው ሪር አድሚራል ሪቻርድ ኬምፐንፌልት ከሟቾቹ አንዱ ነበር።

ወታደራዊው ፍርድ ቤት የበሰበሰው የመርከቧ አካል ተሰብሮ ነው ብሎ መኮንኖቹን ነጻ አወጣ። እንጨቷ መበስበሱን አልክድም። ነገር ግን የተከፈቱት መስኮቶችና በዝቅተኛው ጎን የተጫነው ክብደት ብቻቸውን ለመስመጥ ይበቃሉ ባይ ነኝ። የበሰበሰ እንጨት መቼም ጠበቃ አይቆምለትም!

ስብርባሪዋ መቆሚያውን ዘግቶ ቆየ። የዲን ወንድማማቾች በ1834 በመጥለቂያ የራስ ቁር ወርደው መድፎቿን ማውጣት ጀመሩ፤ ከ1839 ጀምሮ ደግሞ የጦር መሐንዲሱ ኮሎኔል ፓስሊ የቀረውን በባሩድ እያፈነዳ አጸዳው። ዲኖቹ በ1836፣ ከዚያው ብዙም ሳይርቁ፣ የዓሣ አጥማጆች መረብ የተያዘበትን ሌላ ስብርባሪ አገኙ፤ በ1545 የሰመጠችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ሜሪ ሮዝ ነበረች። እሷም ውኃ የገባባት በተከፈቱ የመድፍ መስኮቶች ነው።