ምርምሩ የእኛንም ልጆች ይወቅ፦ በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች፣ ውድ ወላጆችና ልጆቻችን፣

ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብዙም በማይርቀው በዚህ አዳራሽ ከቅርብም ከሩቅም መጥታችሁ ስለተሰበሰባችሁ፣ በሥራ አመራር ኮሚቴው ስም እንኳን ደህና መጣችሁ እላለሁ። የሥራ ክንውንና የሒሳብ ሪፖርቱ በኋላ ስለሚቀርብ፣ እኔ የምናገረው በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ ነው፤ ይኸውም ማኅበራችን ዓይነት 1 የስኳር ሕመምን ፈጽሞ ለማዳን የሚደረገውን ምርምር እንዲደግፍ ነው።

እስካሁን ጉልበታችንን ሁሉ ያዋልነው ኢንሱሊን፣ መርፌና የስኳር መለኪያ ስትሪፕ እንዳይቋረጥ ለማድረግ ነው። ተገቢም ነበር። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት የኢንሱሊኑን ብልቃጥ እርጥብ አሸዋ ባቀፈው ማሰሮ አስቀምጣ፣ ሌሊት እየተነሣች የልጇን ግንባር የምትዳብስ፣ ላብ ሲያጠምቀው ስኳሩ ወርዶበታል ብላ ስኳር በጥብጣ የምታጠጣ እናት፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልጋት የዛሬው መድኃኒት ነው። ይሁን እንጂ ኢንሱሊን ሕይወትን ያቆያል እንጂ ሕመሙን አይነቅልም። እ.ኤ.አ. በ1921 በቶሮንቶ ተገኝቶ በ1922 መጀመሪያ ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ከተሰጠ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም፣ ልጆቻችን ዛሬም ያለ መርፌ ውለው ማደር አይችሉም።

ሕመሙ የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ኃይል በቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ቤታ ሕዋሳት እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲያጠፋቸው ስለሆነ፣ ፈውሱ የጠፉትን ሕዋሳት መተካትንም ጥቃቱን ማስቆምንም ይጠይቃል። በሁለቱም በኩል እመርታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ የተፈቀደው፣ የመከላከያ ኃይሉን ጥቃት የሚገታው ቴፕሊዙማብ የተባለ መድኃኒት ሕመሙ በግልጽ የሚጀምርበትን ጊዜ በአማካይ በሁለት ዓመት ገደማ ያዘገያል። በ2025 በታተመ ጥናት ደግሞ ከግንድ ሕዋስ፣ ማለትም ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊለወጥ ከሚችል ሕዋስ፣ የተሠሩ የቆሽት ሕዋሳትን በሙሉ መጠን ከወሰዱ 12 ታማሚዎች መካከል 10ሩ ከአንድ ዓመት በኋላ የኢንሱሊን መርፌ አላስፈለጋቸውም። ሆኖም እነዚህ ሰዎች የመከላከያ አቅምን የሚያዳክም መድኃኒት ሳያቋርጡ መውሰድ ስላለባቸው፣ ለልጅ የሚሆን ፈውስ ገና አልተገኘም። ስለዚህም «ስኳርን ከሥሩ ያጠፋል» ተብሎ የሚነገረውን ሰምቶ የልጁን ኢንሱሊን የሚያቋርጥ ወላጅ እንዳይኖር አጥብቄ እለምናችኋለሁ፤ ልጁ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል።

እኛን በይበልጥ የሚመለከተው ግን ሌላ ግኝት ነው። በካሜሩን፣ በዩጋንዳና በደቡብ አፍሪካ ዓይነት 1 አለባቸው ተብለው የሚታከሙ ወጣቶች ሲመረመሩ፣ 65 በመቶ ያህሉ የመከላከያ ኃይሉ ቆሽትን ማጥቃቱን የሚያሳዩት አንቲቦዲዎች አልተገኙባቸውም። በአገራችንም በጎንደርና በጅማ የሚሠሩ ሐኪሞች በድሃ ገበሬ ቤተሰብ ያደጉ፣ ከሲታና ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ወጣቶችን ለረጅም ዘመን ሲያክሙ ኖረዋል። የመከላከያ ኃይልን ለመግታት የተቀመመ መድኃኒት ሕመማቸው ከዚያ ላልመነጨ ልጆች አይበጅም፤ የእኛ ልጆች በጥናቱ ካልተካተቱ ደግሞ የትኛው ለማን እንደሚበጅ የሚነግረን አይኖርም።

በዚህ ምክንያት ኮሚቴው የሚያቀርብላችሁ ሐሳብ የአባላት ልጆች የሕመም ታሪክ በሥርዓት የሚመዘገብበት መዝገብ እንዲከፈት፣ እንዲሁም ከመዋጮው ጥቂቱ በዚህ ሕመም ላይ ለሚመራመሩ የአገራችን የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የላቦራቶሪ ወጪ እንዲውል ነው። የልጄን ደም ለምርምር አልሰጥም የሚል ወላጅ ስጋቱ ሊከበርለት ይገባል። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያላጸደቀውን ጥናት አንተባበርም፤ እምቢ ያለ ሰውም ከማኅበሩ የሚያገኘው ኢንሱሊን በአንዲት ብልቃጥ እንኳ አይቀነስበትም። ይህ በመተዳደሪያ ደንባችን በግልጽ እንዲሰፍር እጠይቃለሁ።

የውሳኔ ሐሳቡ በእጃችሁ ባለው ሰነድ ውስጥ ስለሚገኝ ከሻይ ዕረፍት በፊት እንድታነቡት፣ ከሰዓት በኋላም ተወያይታችሁ ድምፅ እንድትሰጡበት እየጠየቅሁ፣ ጉባኤው በይፋ መከፈቱን አበሥራለሁ።